እውነት ወይስ ተረት? ሆሚዮፓቲና አለርጂ የበዛበት ሰው

አለርጂ የበዛበት ሰው ኑሮው በክልከላ የታጠረ ነው። እንቁላል አይነካም፣ ወተት አይቀምስም፣ ድመት ያለበት ቤት አይገባም፤ የሕክምና ካርዱ ላይ ደግሞ «ፔኒሲሊን አይስማማውም» ተብሎ ተጽፏል። አዲስ መድኃኒት በታዘዘለት ቁጥር ከበሽታው ይልቅ መድኃኒቱን ይፈራል። እንዲህ ላለ ሰው «ኬሚካል የለበትም፣ የጎንዮሽ ጉዳት የለውም፣ አለርጂን ሁሉ ከሥሩ ይነቅላል» የሚል ሕክምና ሲቀርብለት ልቡ ቢከጅል አይፈረድበትም።

ይህ ሕክምና ሆሚዮፓቲ ይባላል። በአገራችን እምብዛም ባይታወቅም፣ ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩባቸው በአሜሪካና በጀርመን ፋርማሲዎች ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። አንዳንዴም ከተለመዱት የአለርጂ ኪኒኖች ጎን ስለሚደረደር ለይቶ ማወቁ ያስቸግራል። ስለ እሱ የሚነገሩትን አንድ በአንድ አንስተን ከማስረጃ ጋር እናመሳክር። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተረት 1፦ «ሆሚዮፓቲ የዕፅዋት መድኃኒት ነው፤ ከባህል መድኃኒታችን አይለይም»

እውነታው፦ በጣም ይለያል። ዳማከሴ ሲጨመቅ ከቅጠሉ የሚወጣ፣ የሚሸትና የሚመር ፈሳሽ አለ። ይጥቀምም አይጥቀም፣ የሚጠጣው ሰው ቅጠሉን ጠጥቷል። የሆሚዮፓቲ አሠራር ግን መነሻውን ነገር እያቀጠኑ እስከማጥፋት ይደርሳል።

መሥራቹ ጀርመናዊው ሐኪም ሳሙኤል ሃነማን ነው። በ1790 ለወባ ይሰጥ የነበረውን የሲንኮና ዛፍ ቅርፊት ጤነኛ ሳለ ወስዶ የወባ ዓይነት ስሜት ተሰማው። ከዚያ ተነሥቶ፣ ጤነኛውን ሰው የሚያሳምም ነገር ያንኑ የመሰለ ሕመም ያለበትን ሰው ይፈውሳል የሚል ሕግ አወጣ። ሐሳቡን በ1796 አሳተመ፤ ኦርጋኖን የተባለውን ዋና መጽሐፉን ደግሞ በ1810 አወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት ቀይ ሽንኩርት ዓይንና አፍንጫን ስለሚያስለቅስ ከሽንኩርት የተዘጋጀው አለርጂ አፍንጫውን ለሚያፈስሰው ሰው ይሰጣል። የንብ ንድፊያ ቆዳን ስለሚያሳብጥ ከንብ የተዘጋጀው ደግሞ ሽፍታና እብጠት ላለበት ይታዘዛል።

ሁለተኛው ሕግ ማቅጠን ነው። ከመነሻው ጭማቂ አንድ ጠብታ ተወስዶ በ99 ጠብታ ውኃ ወይም አልኮል ውስጥ ይገባና በኃይል ይናጣል። ከዚያ አንድ ጠብታ ተወስዶ እንደገና በ99 ጠብታ ይቀጥናል። ይህ 30 ጊዜ ሲደጋገም ማሸጊያው ላይ «30ሲ» ተብሎ ይጻፋል። በሃነማን እምነት መድኃኒቱ በቀጠነ ቁጥር ኃይሉ ይጨምራል።

ሒሳቡ ግን ይህን እምነት አይደግፍም። ገና በ12ኛው ማቅጠን ላይ ከመነሻው ነገር አንዲት ሞለኪውል እንኳ የመቅረቷ ዕድል የመነመነ ነው። በ30ኛው ላይ መነሻው ከ1 ቀጥሎ 60 ዜሮ ባለው ቁጥር ተከፍሏል። ከመጀመሪያው ሽንኩርት አንዲት ሞለኪውል ለማግኘት የምድራችንን ክብደት አምስት ቢሊዮን ጊዜ የሚያህል ውኃ መጠጣት ያስፈልጋል። ሃነማን በኖረበት ዘመን በአንድ ጠብታ ውስጥ ምን ያህል ሞለኪውል እንዳለ የሚታወቅበት መንገድ አልነበረም፤ ዛሬ ግን ይታወቃል። በመጨረሻ ያ ውኃ በስኳር እንክብል ላይ ይንጠባጠብና ይደርቃል፤ በታካሚው እጅ የሚቀረው ስኳሩ ነው።

ተረት 2፦ «አለርጂ የበዛበት ሰው መላ ሰውነቱ ተበላሽቷል፤ ሰውየውን በሙሉ የሚያክም አንድ መድኃኒት ያስፈልገዋል»

እውነታው፦ አለርጂ የራሱ አሠራር ያለው፣ ደረጃ በደረጃ የተጠና ሕመም ነው። ስሙን በ1906 ያወጣለት የቪየናው የሕፃናት ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ ነው። ዋናው ምሥጢር የተፈታው ደግሞ በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ፣ በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩት ጃፓናውያን ባልና ሚስት ኪሚሺጌና ቴሩኮ ኢሺዛካ፣ በስዊድን ደግሞ ዮሃንሶንና ቤኒክ የተባሉት ተመራማሪዎች አይጂኢ የተባለውን ፀረ እንግዳ አካል ባገኙ ጊዜ ነው። አለርጂ ያለበት ሰው ሰውነት ምንም የማይጎዳውን ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ አይጂኢ ያመርትለታል። አይጂኢው በቆዳ፣ በአፍንጫ፣ በሳንባና በአንጀት ውስጥ ባሉ ማስት ሴሎች ላይ ይለጠፋል። ያ ፕሮቲን እንደገና ሲመጣ ሴሎቹ ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎችን ይረጫሉ። ማሳከኩ፣ ማስነጠሱ፣ እብጠቱና የትንፋሽ ማጠሩ የሚመጣው ከዚህ ነው።

አሠራሩ ከታወቀ የአለርጂዎቹ ዝርዝር መብዛትም ይፈታል። ብዙ የሚመስለው አለርጂ በአንድ ሥር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። በአውሮፓ የበርች ዛፍ ብናኝ የሚያስነጥሰው ሰው ጥሬ ፖም ሲበላ አፉን የሚያሳክከው፣ በብናኙና በፖሙ ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች ስለሚመሳሰሉ ነው። የላቴክስ ጓንት የማይስማማው ሰው ሙዝ፣ አቮካዶ ወይም ኪዊ ሊያስቸግረው ይችላል። በፍራሽና በምንጣፍ አቧራ ውስጥ ለሚኖሩት፣ በዓይን ለማይታዩት ተባዮች አለርጂ የሆነ ሰውም ሽሪምፕ ላይስማማው ይችላል። በወረቀት ላይ አምስት የሚመስለው ችግር መንሥኤው አንድ ፕሮቲን ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ከዚህም በላይ በምርመራ «ፖዘቲቭ» መባል ሁልጊዜ ሕመም አለ ማለት አይደለም። ለኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ሰው የደም ምርመራው ለምስርና ለሽምብራም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል፤ ብዙዎቹ ግን ሽሮውን ያለ ችግር ይበላሉ። የዚህ ልዩነት አንዱ ታላቅ ማስረጃ የተገኘው በጅማ ነው። በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ጥናት የጅማ ከተማን ነዋሪዎችና የአካባቢውን ገጠሬዎች አነጻጽሯል። በከተማው በቆዳ ምርመራ ለአቧራ ተባይ ፖዘቲቭ መሆን ደረት ከማፏጨት ጋር በጥብቅ የተያያዘ ሆኖ ተገኘ፤ በገጠሩ ግን ይህ ትስስር አልታየም። የአንድ ዓይነት ምርመራ ውጤት በተለያየ ኑሮ ውስጥ የተለያየ ትርጉም ነበረው።

ፔኒሲሊንም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ ከ10 ሰዎች አንዱ ያህል ፔኒሲሊን አይስማማኝም ይላል፤ በደንብ ሲመረመሩ ግን እውነተኛ አለርጂ ያላቸው ከጠቅላላው ሕዝብ ከ100 አንድ አይሞሉም። አይስማማኝም ከሚሉት ብዙዎቹ በልጅነታቸው በያዛቸው በሽታ ምክንያት የወጣባቸው ሽፍታ በመድኃኒቱ ተሳብቦ የቀረባቸው ናቸው። እውነተኛው አለርጂ የነበራቸውም ቢሆኑ አብዛኞቹ ከ10 ዓመት በኋላ ይተዋቸዋል።

አለርጂ የበዛበት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ዝርዝሩን የሚያጣራለት ባለሙያ ነው። ሆሚዮፓቲ ይህን አያደርግም። ዝርዝሩን ታካሚው እንዳወራው ይቀበላል፤ ከስሜቱ፣ ከሕልሙና ከጠባዩ ጋር አስተያይቶም እንክብል ይመርጥለታል። የተሳሳተው ክልከላ እንዳለ ይቀጥላል። በቤታችን ይህ ክልከላ ቀላል አይደለም፦ በጾም ወራት ምስርና ሽምብራ ያለ በቂ ምክንያት የተከለከለ ሰው ምን ይቀረዋል? እንቁላልና ወተት በግምት የተነፈገ ሕፃንስ በምን ያድጋል?

ተረት 3፦ «እንደ አለርጂ መርፌ ያለ ነው፤ በጥቂቱ እያለማመደ ያድናል»

እውነታው፦ ይህ ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስት ነው፤ ላይ ላዩን ስለሚመሳሰል። በ1911 ሌናርድ ኑን የተባለ ሐኪም በለንደኑ ቅድስት ማርያም ሆስፒታል የሣር ብናኝ ጭማቂ እየመጠነ ለታካሚዎች በመርፌ መስጠቱን በላንሴት አሳወቀ። የዛሬው የማለማመድ ሕክምና ከዚያ ተነሥቶ ያደገ ነው። ልዩነቱ ያለው በመጠኑ ነው። በመርፌው ውስጥ ያለው ብናኝ ተለክቶ የሚታወቅ ነው፤ ከትንሽ ተጀምሮ ወደ ላይ ይጨምራል፤ በተለምዶም ከ3 እስከ 5 ዓመት ይሰጣል። ሆሚዮፓቲ ወደ ታች ይሄዳል፤ ምንም እስከማይቀር።

ማረጋገጫው ደግሞ አደጋው ራሱ ነው። የአለርጂ መርፌ የተወጋ ሰው 30 ደቂቃ ያህል ክሊኒኩ ውስጥ እንዲቆይ የሚደረገው መርፌው አለርጂውን ሊያስነሣ ስለሚችል ነው። በውስጡ ሰውነት የሚያውቀው ነገር ስላለ ሰውነት ይመልሳል፤ እየመለሰም ይለምዳል። ከ30ሲ እንክብል በኋላ ማንም እንዲቆይ አይጠየቅም።

በምግብም በኩል መጠን ወሳኝ ነው። በእስራኤል የሚያድጉ የአይሁድ ልጆች በለንደን ከሚያድጉት ይልቅ የኦቾሎኒ አለርጂያቸው በጣም ያነሰ መሆኑ ተመራማሪዎችን አስገረመ፤ የእስራኤል ሕፃናት ከኦቾሎኒ የተሠራ መክሰስ ገና በጨቅላነታቸው ይበላሉ። ይህን ለመፈተን በእንግሊዝ 640 ሕፃናት ተጠኑ። በ2015 የወጣው ውጤት እንዳሳየው ኦቾሎኒ በጊዜ እንዲበሉ የተደረጉት ልጆች አለርጂው የያዛቸው ከተከለከሉት በእጅጉ ባነሰ ቁጥር ነበር። ልጆቹን የጠበቃቸው በየሳምንቱ የሚበሉት እውነተኛ ኦቾሎኒ ነው።

ተረት 4፦ «ሳይንስ አረጋግጦታል፤ በታላላቅ መጽሔቶች ወጥቷል»

እውነታው፦ መውጣቱ ልክ ነው፤ ቀጥሎ የሆነው ግን አብሮ አይነገርም። በ1988 ፈረንሳዊው ተመራማሪ ዣክ ቤንቬኒስት በኔቸር መጽሔት አንድ ጥናት አሳተመ። ጥናቱ በቀጥታ የአለርጂን ሴሎች የሚመለከት ነበር። ባዞፊል የተባሉት የደም ሴሎች ላይ የሚሠራ ፀረ እንግዳ አካል ሞለኪውሉ እስኪያልቅ ቢቀጥንም ሴሎቹን ይቀሰቅሳል፤ ውኃው ያስታውሰዋል የሚል ነበር። የመጽሔቱ አዘጋጅ ጆን ማዶክስ ጥናቱን ያወጣው ላቦራቶሪው በገለልተኛ ታዛቢዎች እንዲፈተሽ በተስማሙበት ውል ነው። ማዶክስ፣ የምርምር ስሕተቶችን በመፈተሽ የሚታወቀው ዋልተር ስቱዋርትና የምትሃት ባለሙያው ጄምስ ራንዲ ፓሪስ አጠገብ ወዳለው ላቦራቶሪ ሄዱ። የትኛው ቱቦ ውስጥ ምን እንዳለ የሚገልጸው ምሥጢር በፖስታ ታሽጎ ኮርኒስ ላይ ተለጠፈ። ቆጣሪዎቹ የሚቆጥሩትን ሳያውቁ ሲቆጥሩ ውጤቱ ጠፋ። ኔቸር ይህንኑ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ አተመ።

በታካሚዎች ላይ የተደረጉትም ጥናቶች ተመሳሳይ ታሪክ አላቸው። በ1986 ዴቪድ ራይሊና ባልደረቦቹ በግላስጎው በሣር ብናኝ የሚያስነጥሳቸውን 144 ሰዎች አጥንተው በ30ሲ የቀጠነ ብናኝ የወሰዱት መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ከወሰዱት ይልቅ ተሻላቸው ብለው ላንሴት ላይ አወጡ። ውጤቱ በቁም ነገር ተወስዶ ሌሎችም ፈተኑት። በ2002 ጆርጅ ሉዊዝና ባልደረቦቹ ለአቧራ ተባይ አለርጂ የሆኑ 242 የአስም ሕሙማንን በሁለት ከፍለው፣ ሐኪሙም ታካሚውም ማን ምን እንደወሰደ ሳያውቅ አጠኑ። ሉዊዝ አማራጭ ሕክምናን የሚያጠና እንጂ የሚጠላ ሰው አልነበረም። ሆሚዮፓቲው በትንፋሽም ሆነ በኑሮ ጥራት ከማስመሰያው አልበለጠም።

ከዚያ ወዲህ መንግሥታት ማስረጃውን በጅምላ አዩት። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የጤናና የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ2015 ባወጣው ሪፖርት 61 የሕመም ዓይነቶችን የሚመለከቱ 176 ጥናቶችን መዝኖ፣ ሆሚዮፓቲ እንደሚሠራ አስተማማኝ ማስረጃ ያለበት አንድም ሕመም የለም አለ። የእንግሊዝ ብሔራዊ ጤና አገልግሎት በ2017 ሐኪሞች ማዘዛቸውን እንዲያቆሙ መከረ። ብዙ ተጠቃሚ በነበረባት በፈረንሳይ ደግሞ ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ የጤና መድኑ ወጪውን መሸፈን ተወ። በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣኑ ፈዋሽነቱንና ደኅንነቱን መርምሮ ያጸደቀው አንድም የሆሚዮፓቲ ምርት የለም። ፋርማሲ ውስጥ መሸጡ ተፈትኖ አለፈ ማለት አይደለም።

ተረት 5፦ «መጀመሪያ ከተባባሰ የመዳን ምልክት ነው»

እውነታው፦ በሆሚዮፓቲ ትምህርት ከመሻል በፊት የሚመጣ መባባስ መድኃኒቱ መሥራቱን ያሳያል ይባላል። ይህ ሐሳብ አለርጂ ላለበት ሰው እጅግ አደገኛ ነው። በአለርጂ ሕመም መባባስ ማለት መባባስ ነው። ሽፍታ ከክንድ ወደ መላ አካል ሲሰፋ፣ ከንፈርና ምላስ ሲያብጥ፣ ድምፅ ሲጎረንን፣ ደረት ሲያፏጭ፣ ማስመለስና ራስ ማዞር ሲከተል ሰውየው አናፊላክሲስ ወደተባለው ከባድ የአለርጂ አደጋ እየገባ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። እንዲህ ባለ ሰዓት «ታገሡ፣ ሰውነት ራሱን እያጸዳ ነው» ማለት ጊዜውን ማባከን ነው።

ተረት 6፦ «ባይጠቅም እንኳ አይጎዳም»

እውነታው፦ በሚገባ የቀጠነ እንክብል በራሱ መርዝ አይሆንም፤ ግን ሦስት ነገሮች መታወቅ አለባቸው።

የመጀመሪያው፣ «ሆሚዮፓቲ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሁሉ የቀጠነ አይደለም። በ2009 የአሜሪካው ባለሥልጣን በሆሚዮፓቲ ስም ይሸጥ የነበረን፣ ዚንክ ያለበትን የአፍንጫ ጄል ሰዎች እንዳይጠቀሙ አስጠነቀቀ፤ ማሽተት እንደተሳናቸው የገለጹ ከ130 በላይ ሪፖርቶች ደርሰውት ነበር። በ2017 ደግሞ ጥርስ ለሚያወጡ ሕፃናት በሚሰጡ አንዳንድ እንክብሎች ውስጥ ቤላዶና የተባለው መርዛማ ተክል ከተጻፈው በላይ ተገኘ።

ሁለተኛው፣ ብዙዎቹ ጽላቶች የሚሠሩት ላክቶስ ከተባለው የወተት ስኳር ነው፤ ጠብታዎቹ ደግሞ አልኮል አለባቸው። ላክቶስ የወተት ፕሮቲን ርዝራዥ ሊኖረው ይችላል። የወተት አለርጂው ለጠናበት ሰው ይህ ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ሦስተኛውና ዋናው ጉዳት የሚመጣው ታካሚው ከተወው ሕክምና ነው። የአስም መንፊያውን ያቆመ፣ አድሬናሊኑን ቤት ጥሎ የወጣ፣ የሕፃኑን ኤክዚማ ያለ ቅባት ያቆየ ሰው በሽታውን ያለ መከላከያ ትቶታል። ለአናፊላክሲስ መጀመሪያ የሚሰጠው አድሬናሊን ነው፤ ሽንኩርትም ንብም አይተካውም። የአለርጂ ኪኒን እንኳ ሊተካው አይችልም፤ ማሳከኩን ቢያስታግሥም የሚዘጋውን አየር ቧንቧ አይከፍትም፣ የሚወርደውን የደም ግፊትም አያነሣም።

ተረት 7፦ «እኔ ራሴ ድኛለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?»

እውነታው፦ የተሻለው ሰው አልዋሸም፤ ተሽሎታል። ጥያቄው በምን ተሻለው የሚለው ነው። የብናኝ ወቅት ያልፋል። ኤክዚማና አስም ይነሣሉ፣ ይበርዳሉ። የወተትና የእንቁላል አለርጂ ያለባቸው ልጆች አብዛኞቹ እያደጉ ሲሄዱ ይተዋቸዋል። ሰው ሕክምና የሚፈልገው በጣም ሲብስበት ስለሆነ ከዚያ በኋላ የሚመጣው መብረድ ለመጨረሻው መድኃኒት ይመዘገባል።

ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱም መከበር ያለበት ነው። የሆሚዮፓቲ ባለሙያ ታካሚውን አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ያዳምጣል። በ2011 ከሳውዝሃምፕተን የወጣ ጥናት የመገጣጠሚያ ሪህ ያለባቸውን 83 ሰዎች ሲያይ፣ የተሻላቸው ከባለሙያው ጋር በነበራቸው ምክክር ምክንያት ነበር፤ እንክብሉ እውነተኛም ሆነ ማስመሰያ ለውጥ አላመጣም። ይህ ለሐኪሞቻችን ትልቅ ትምህርት ነው። አለርጂ የበዛበት ሰው በአምስት ደቂቃ የሚሰማ ታሪክ የለውም። ተሰልፎ ውሎ «አቧራ አትንካ» ተብሎ ብቻ የተመለሰ ታካሚ የሚያዳምጠውን ፍለጋ ቢሄድ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ዝርዝሩን ማጣራት ይቀድማል። ምን እንደበሉ ወይም እንደነኩ፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ ምን እንደተሰማዎት፣ በምን እንደበረደ ይመዝግቡ። ይህን ይዘው አለርጂ ወደሚያውቅ ሐኪም ይሂዱ። የቆዳ ምርመራ ከማድረግዎ በፊት የአለርጂ ኪኒን ለጥቂት ቀናት ማቆም ስለሚያስፈልግ አስቀድመው ይጠይቁ። ውጤቱ ከታሪክዎ ጋር ካልገጠመ፣ ምግቡን በሆስፒታል ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ እየበሉ መፈተን ይቻላል፤ ቤት ውስጥ ግን አይሞክሩት። የፔኒሲሊኑ ጽሑፍ በካርድዎ ላይ ካለ «ይህ ተመርምሮ ነው የተጻፈው?» ብለው ይጠይቁ።

ለአፍንጫ አለርጂ የሚታዘዙት የስቴሮይድ መርጫዎችና እንደ ሴትሪዚንና ሎራታዲን ያሉ ኪኒኖች በሺዎች ላይ የተፈተኑ ናቸው፤ ለአስም የሚታዘዘው የስቴሮይድ መንፊያም እንዲሁ። መድኃኒት የሚያስፈራዎት ከሆነ ፍርሃቱን ለሐኪሙ ይንገሩት፤ የመጀመሪያውን ፍሬ በክትትል ሥር መውሰድ ይቻላል። አናፊላክሲስ ደርሶብዎት የሚያውቅ ከሆነ ቤተሰብዎ ምልክቶቹን ይወቅ። ምልክቱ ሲታይ ሰውየው ይጋደም፣ እግሩ ከፍ ይበል፣ ትንፋሽ ካስቸገረው ይቀመጥ፤ ብድግ ብሎ እንዲራመድ ግን አይደረግ። አድሬናሊን በእጅ ካለ በጭኑ የጎን ጡንቻ ይሰጠው፤ ቢሰጠውም ባይሰጠውም ወደ ቅርቡ ጤና ተቋም የድንገተኛ ክፍል በፍጥነት ይወሰድ።

ሆሚዮፓቲ እየወሰዱ ከሆነ ይህን ለሐኪምዎ ከመናገር አይፈሩ፤ የታዘዘልዎትን መድኃኒት ግን በእሱ ምክንያት አያቋርጡ። ጊዜ ተሰጥቶ መደመጥ የታካሚ መብት ነው፤ የሚሠራ መድኃኒት ማግኘትም መብቱ ነው። ሁለቱንም ከአንድ ሐኪም ቤት እንጠይቅ።